ፊት ላይ የወጣ ጥቁር ነጥብ በስንት ቀን ይጠፋል?

ባለፈው ዓመት በግንቦት ወር፥ ፀሐይ በበረታበት አንድ ከሰዓት በኋላ፥ የምናውቃት አንዲት ወጣት የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ድረስ ተከናንባ በአዲስ አበባ መንገድ ላይ አገኘናት። ብርድ የለም፤ ኀዘንም እንዳልደረሰባት እናውቃለን። ሰላምታ ከተለዋወጥን በኋላ «ምነው፥ ደኅና ነሽ?» ብለን ብንጠይቃት፥ ጥቂት አመነታችና ነጠላውን ከጉንጯ ላይ ገለጥ አድርጋ አሳየችን። ጉንጮቿ በርበሬ የተቀቡ ይመስል ቀልተዋል። ቀጫጭን የደም ሥሮች ከቆዳው ሥር እንደ ክር ይታያሉ። በአገጯ ዙሪያ ብጉር ፈልቷል። ከዚህ ሁሉ ጋር ደግሞ እንዲጠፋ የታሰበው ማድያት ከቀድሞው ይልቅ ጠቁሮ በቦታው ተቀምጧል።

«ጋሼ፥ ጥፋቱ የራሴ ነው። የእኅቴ ሰርግ ደርሶብኝ ቸኮልኩ» አለችን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማድያቱ የወጣባት የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ሳለች ነበር። ብዙ ሴቶችን ከወለዱ በኋላ ቀስ እያለ ይለቃቸዋል፤ እርሷን ግን አልለቀቃትም። የእኅቷ ሰርግ በጥር ወር ተቈርጦ ሦስት ሳምንት ሲቀረው፥ አንዲት ወዳጇ በትንሽ ነጭ የላስቲክ ዕቃ የተጨመረ፥ ስምም ጽሑፍም የሌለበት ቅባት አመጣችላት። በአሥር ቀን ፊቷ ጠራ። በሰርጉ ላይ ያያት ሁሉ አመሰገናት፤ ፎቶግራፉም በእጇ አለ። ሰርጉ ካለፈ በኋላ ቅባቱን ብትተወው ፊቷ ይቃጠል ጀመር። መልሳ ስትቀባው ይበርድላታል። እንዲህ ስትተወውና ስትመለስበት አራት ወር ሞላት። እኛ ባገኘናት ቀን ወደ ቆዳ ሐኪም ልትሄድ ተነሥታ ነበር።

ይህ የብዙ ወጣቶች ታሪክ ስለሆነ ነው ዛሬ በዚህ ገጽ ላይ ያነሣነው። ተማሪው የምረቃ ፎቶግራፍ ሊነሣ ሲል፥ ወጣቱ ሹም አዲስ ሥራ ሊጀምር ሲል፥ ሙሽራይቱ ቀኗ ሲቃረብ፥ ሁሉም በመስተዋት ፊት ቆሞ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፤ ይህ ነጥብ በስንት ቀን ይጠፋል? መልሱን ከወዲሁ እንናገር። የሚቈጠረው በወር ነው፤ አንዳንዱም በዓመት ነው። ይህን ሂሳብ የማይወድ ሰው ነው ስም የሌለው ዕቃ ገዢ የሚሆነው።

ለምን በወር እንደሚቈጠር ለማወቅ ቆዳው እንዴት እንደሚሠራ ጥቂት ማየት ያስፈልጋል። ለቆዳችን መልክ የሚሰጠው ሜላኒን የሚባለው ቀለም ነው። ቀለሙን የሚያዘጋጁት ልዩ ሕዋሳት በላይኛው የቆዳ ሽፋን ወለል ላይ ተቀምጠው፥ የሰፈር ቦኖ ለብዙ ቤት ውሃ እንደሚያድል ሁሉ፥ እያንዳንዱ በዙሪያው ላሉት 36 ያህል ሕዋሳት ቀለም ያድላል። የነዚህ ቀለም ሠሪዎች ቁጥር በነጭም በጥቁርም ሰው ላይ ተቀራራቢ ነው። ልዩነቱ በትጋታቸው ነው። የጠይምና የጥቁር ሰው ቀለም ሠሪዎች ትጉሃን ስለሆኑ ከፀሐይ ይጠብቁናል። ነገር ግን ቆዳው በብጉር፥ በቁስል፥ በቃጠሎ ወይም አጥብቆ በመፈተግ ሲቈጣ ቀለሙን ከልክ በላይ ይረጩታል። ብጉሩ ይድናል፤ ቀለሙ እንደ ማኅተም ይቀራል።

ቀለሙ በላይኛው ሽፋን ላይ ብቻ ከሆነ፥ ሽፋኑ ከሥር እየታደሰ ከላይ እየረገፈ ስለሚሄድ፥ አብሮ ይረግፋል። አንዱ ዙር አንድ ወር ወይም ከዚያ የሚበልጥ ጊዜ ይፈጃል፤ አንድ ዙርም አይበቃም። ከቆዳው መልክ ጥቂት ብቻ የጠቆረ ነጥብ፥ መነሻው ከቆመ በኋላ፥ ከ6 እስከ 12 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ይደበዝዛል። ቀለሙ ወደ ታችኛው ሽፋን ወርዶ እንደሆነ ግን የሚረግፍበት መንገድ የለውም፤ ሰውነት ራሱ ጥቂት በጥቂት እስኪያነሣው ድረስ ዓመታት ይቈያል። ከላይ ያለው ቡናማ ሆኖ ሲታይ፥ ወደ ታች የወረደው ወደ ግራጫና ወደ ሰማያዊ ያደላል።

እዚህ ላይ «መነሻው ከቆመ በኋላ» ያልነው ቃል እንዲሁ የገባ አይደለም። በተማሪዎች መኖሪያ ቤት ማታ ማታ በመስተዋት ፊት ቆሞ ብጉር የሚያፈርጥ ወጣት፥ ጠዋት ጠዋት ነጥብ ማጥፊያ ቢቀባ የሚሠራው ሥራ በአንድ በኩል እየቀዱ በሌላ በኩል እንደ ማፍሰስ ነው። መጀመሪያ ብጉሩን ማከም አለበት። ጢሙን ሲላጭ አንገቱና አገጩ እየቈሰለ የሚጠቁርበት ሰውም መጀመሪያ አላላጩን ማስተካከል አለበት። የእጅ ሥራው ሳይታረም ቅባቱ ብቻውን ምንም አያደርግለትም።

ማድያት ደግሞ ከዚህ ልዩ ጠባይ አለው። በሁለቱ ጉንጮች፥ በግንባርና በላይኛው ከንፈር ላይ ካርታ የመሰለ ሆኖ ይወጣል። እርግዝና፥ የወሊድ መቈጣጠሪያ እንክብል፥ የቤተሰብ ዝንባሌ፥ ከሁሉም በላይ የፀሐይ ብርሃን ያስነሡታል። በሴቶች ላይ ይበዛል፤ ወንዶችም አይቀርላቸውም፤ ብቻ እነርሱ አያወሩትም። ቢደበዝዝ እንኳ ፀሐይ ሲያገኝ ይመለሳልና፥ ማድያት ጨርሶ ሄደ ከማለት ተኛ ማለቱ ይሻላል።

በየቤቱ ስለሚሠራው መድኃኒት አንድ ነገር ብቻ እንበል። ሎሚ ቆርጦ ፊትን ማሸትና ወደ ፀሐይ መውጣት የሚመክሩ ሰዎች አሉ። የሎሚ ጭማቂ ቆዳ ላይ እንዳለ ፀሐይ ሲያገኘው ቆዳውን ሊያቃጥለው ይችላል፤ ያ ቃጠሎ ሲድን የሚተወው ጥቁር ጠባሳ ነው። ሎሚውን ለሻይ ማዋል ነው።

ታዲያ የዚያ የነጩ ዕቃ ቅባት በአሥር ቀን ፊቱን እንዴት አጠራው? ዕቃው ጽሑፍ ስለሌለው ማንም በርግጥ ሊናገር አይችልም። ሐኪሙ ግን ቀይ ጉንጯን፥ የሳሳውን ቆዳና አዲሱን ብጉር አይተው፥ ኃይለኛ ስቴሮይድ ተቀላቅሎበታል ብለው ፈረዱ። ስቴሮይድ ማለት እነ ክሎቤታሶልና ቤታሜታዞን ናቸው። ለብዙ የቆዳ በሽታ ፍቱን መድኃኒቶች ናቸው። የደም ሥሮችን ያጠብባሉ፤ ቍጣን ያበርዳሉ፤ ቀለም ሠሪዎቹንም ዝም ያሰኛሉ። ስለዚህ በጥቂት ቀናት ፊት ጠርቶ፥ ለስልሶ ይታያል። ፊት ላይ ለብዙ ወራት ሲቀቡት ግን ቆዳው ይሳሳል፤ ደም ሥሩ ይገለጣል፤ ጠጕር ያበቅላል፤ ብጉር ያፈላል። ሲተዉት ደግሞ የታፈነው ቍጣ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይነሣል። ሰውየው ቃጠሎውን ለማብረድ ወደዚያው ቅባት ስለሚመለስ፥ በራሱ ገንዘብ የተገዛ እስራት ይሆንበታል። ከዚህ መውጣት በሐኪም ምክር እንጂ በራስ ግምት አይሆንም።

ሁለተኛው የፈጣን ቅባት ምሥጢር አባቶቻችን ባዜቃ የሚሉት፥ ፈረንጆች ሜርኩሪ የሚሉት ነገር ነው። የባዜቃ ጨው ቀለም የሚሠራውን ሥራ ስለሚያሰናክል ቆዳን ያነጣል። በቆዳው አልፎ ሲገባም ኵላሊትንና ነርቭን ይጎዳል። ከዚህም የከፋው፥ ከእናቲቱ ፊት ወደ ፎጣው፥ ከፎጣው ወደ ሕፃኑ መተላለፉ ነው። የባዜቃ መርዝ ምን እንደሆነ ዓለም የተማረው በጃፓን አገር በሚናማታ ከተማ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚገኘው የዘመን ቍጥር ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።) በዚያች ከተማ ፋብሪካ ወደ ባሕር ያፈሰሰው ባዜቃ በዓሣ በኩል ወደ ሰው ገብቶ ብዙ ሕዝብ ሲያሽመደምድ፥ በሽታው በይፋ የታወቀው በ1956 ነው። በከተማዋ ስም የተጠራው ዓለም አቀፍ ስምምነት በ2013 ተፈርሞ በ2017 ጸና። በዚህም መሠረት ከሚሊዮን አንድ እጅ የሚበልጥ ባዜቃ ያለበት ቆዳ ማንጫ ቅባት ከ2020 በኋላ እንዳይሠራና ከአገር አገር እንዳይዛወር ተወሰነ። በ2023 ደግሞ ያችን የአንድ እጅ ፈቃድ አንሥተው፥ ባዜቃ የተጨመረበት መዋቢያ ሁሉ ከ2025 በኋላ እንዳይኖር ተስማሙ።

ውሳኔው ይህ ሆኖ ሳለ ቅባቱ በየገበያው በስውር መሸጡ አልቀረም። ስለዚህ ገዢው ራሱ ጽሑፉን ማንበብ አለበት። «ካሎሜል» ወይም «መርኩሪክ አዮዳይድ» የሚል ቃል ካገኘ ይመልሰው። ቃሉ ባይገኝ እንኳ፥ ቅባቱ የወርቅና የብር ጌጥ እንዳይነካ የሚል ማስጠንቀቂያ ከተጻፈበት፥ ያ አንድ ምልክት ነው፤ ባዜቃ ወርቅን ያበላሻልና። ለጣት ቀለበት ታስቦለት ለጉንጭ ያልታሰበለት ነገር መሆኑ ያስገርማል።

ሦስተኛው ሃይድሮኪኖን ነው፤ ታሪኩም ከሁሉ ይልቅ የሚያስተምር ነው። ይህ ንጥረ ነገር ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ በሚታጠብበት ጨለማ ክፍል ውስጥ የታወቀ መድኃኒት ነው። ዘመዱ የሆነው ሞኖቤንዞን ደግሞ ላስቲክ ቶሎ እንዳያረጅ ይጨመር ነበር። በ1939 በአሜሪካን አገር የታተመ የሐኪሞች ጽሑፍ እንደሚያስረዳው፥ በአንድ የቆዳ ማልፊያ ፋብሪካ የሚሠሩ ሰዎች እጃቸውና ክንዳቸው ነጭ እየሆነ አስቸገረ። ቢመረመር የነጣው በትክክል ጓንቱ የሚደርስበት ቦታ ነበር። ጥፋቱ ከላስቲኩ ጓንት ውስጥ ከተጨመረው ከዚሁ ንጥረ ነገር ሆኖ ተገኘ። ከሠራተኞቹ ብዙዎቹ ጥቁሮች ስለነበሩ ለውጡ ጎልቶ ታየ። የሰው ጉዳት ሆኖ የተጀመረው ነገር ብዙ ሳይቈይ ለነጋዴ ሐሳብ ሰጠ፤ የዚህ ቤተሰብ ንጥረ ነገሮችም ወደ መዋቢያ ቅባት ገቡ።

የቅባቱ ትልቅ ገበያ ደቡብ አፍሪካ ነበር። የቆዳ መልክ የሰውን መኖሪያ፥ ትምህርት ቤትና እንጀራ በሕግ በሚወስንበት በአፓርታይድ ዘመን፥ ቆዳ ማንጫ ቢገዛ ምን ይደንቃል? በ1975 ፊንድሌይ የተባሉ የቆዳ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው ከዚያው አገር አንድ እንግዳ ነገር ጻፉ። ሃይድሮኪኖን ያለበትን ቅባት ለብዙ ጊዜ የተቀቡ ሴቶች ጉንጫቸው ላይ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ጥቁረት ወጣባቸው፤ ውሎ ሲያድርም እንደ ሰናፍጭ ፍሬ የሚሻክር ሆነ። ሴቶቹ ጥቁረቱን ለማጥፋት ቅባቱን ጨመሩ፤ ቅባቱ ጥቁረቱን ጨመረ። ኦክሮኖሲስ ይሉታል፤ በታችኛው የቆዳ ሽፋን የሚቀመጥ ስለሆነ የሚያስለቅቀው መድኃኒት እስከ ዛሬ በቀላሉ አይገኝም። ደቡብ አፍሪካ በ1990 በወጣ ደንብ ሃይድሮኪኖንን ከመዋቢያ ከለከለች። የአውሮፓ ኅብረት ከ2001 ጀምሮ እንዲሁ አደረገ፤ አሜሪካም በ2020 በወጣው ሕግ ያለ ሐኪም ትእዛዝ እንዳይሸጥ አደረገች።

አንባቢ ግን «እንግዲያስ ሃይድሮኪኖን መርዝ ነው» ብሎ እንዳይቸኩል እንለምናለን። በዚያው በ1975 ክሊግማንና ዊሊስ የተባሉ አሜሪካውያን ሐኪሞች ሃይድሮኪኖንን፥ ትሬቲኖይንንና አንድ ስቴሮይድን በልክ ቀላቅለው ጥቁር ነጥብን እንደሚያደበዝዝ አሳዩ። ከዚያ የመነጨው የሦስትዮሽ ቅባት ዛሬም በቆዳ ሐኪሞች እጅ ለማድያት ከታወቁት መድኃኒቶች አንዱ ነው። እንግዲህ ልብ እንበል፤ የእኅታችንን ጉንጭ ያቃጠለው ነገርና ሐኪሙ የሚያዝዘው ነገር ከአንድ ቤተሰብ የመጡ ናቸው። ሐኪሙ ጋ ግን መጠኑ በመቶኛ ተጽፏል፤ የሚቀባው ነጥቡ ላይ ብቻ ነው፤ የሚቆምበትም ቀን፥ አብዛኛውን ጊዜ በሦስት ወይም በአራት ወር፥ አስቀድሞ ተቈርጧል። በነጩ የላስቲክ ዕቃ ላይ ከነዚህ አንዱም የለም።

ወደሚረዳው ነገር እንለፍ። የመጀመሪያው ፀሐይን መከላከል ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች፥ ከምድር ወገብም ያልራቀች ከተማ ናት። በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ ቆዳን የሚጎዳው ጨረር በመቶ 10 ያህል ይጨምራል። ነፋሱ ቀዝቃዛ ስለሆነ ግን አይታወቀንም፤ ላብ ያልወጣው ሰው ፀሐይ ያልነካው ይመስለዋል። በክረምትም ቢሆን ደመናው ጨረሩን በሙሉ አያስቀረውም። ስለዚህ ባርኔጣና ጃንጥላ ለዝናብ ብቻ የተሠሩ አይደሉም። እናቶቻችን በጠራራ ፀሐይ ጃንጥላ ዘርግተው ሲሄዱ የሚሥቁ ወጣቶች፥ ሣቁን ቢተዉት ይሻላል።

ሰንስክሪን የሚባለው የፀሐይ መከላከያ ቅባት ቍጥሩ ቢያንስ 30 መሆን አለበት። ለፊትና ለአንገት በሁለት ጣት ርዝመት የሚለካ ያህል ይቀባል፤ ውጭ ለሚውል ሰው በየሁለት ሰዓቱ ይደገማል። ለጠይም ቆዳ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ማድያትን የሚያጠቁረው የማይታየው ጨረር ብቻ ሳይሆን በዓይን የምናየው ብርሃንም ጭምር ነው፤ ይህንንም ተራው ነጭ ሰንስክሪን አይመልሰውም። የብረት ኦክሳይድ የተጨመረበት፥ የቆዳ መልክ ያለው ሰንስክሪን ግን ይመልሰዋል። ገንዘቡ አንድ ነገር ብቻ ለመግዛት የሚበቃ ሰው ካለ፥ በእኛ አስተያየት ይህንኑ ይግዛ። ያለዚህ የሚገዛው ሌላው ሁሉ ፀሐይ የሚያፈርሰው ነው።

ከዚያ በኋላ ረጋ ያሉ መድኃኒቶች አሉ። ከነዚህ መካከል እኛ የምናስቀድመው አዜላይክ አሲድን ነው። በተፈጥሮ በስንዴና በገብስ ውስጥ ይገኛል፤ ይህን ሰምቶ ግን የገብስ ዱቄት ፊቱ ላይ የሚለጥፍ እንዳይኖር፤ መድኃኒቱ ከመቶ 15 ወይም 20 ሆኖ የሚዘጋጅ ነው። ብጉሩንም ነጥቡንም አብሮ ያክማል፤ እርጉዝ ሴትም በሐኪም ምክር ልትጠቀምበት ትችላለች። ትሬቲኖይንና አዳፓሊን የቆዳውን መታደስ ያፋጥናሉ። እነዚህ ማታ ማታ የሚቀቡ ሲሆኑ፥ መጀመሪያ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ መሆን አለባቸው፤ ጀማሪው ከቸኮለ ቆዳውን አስቈጥቶ አዲስ ጥቁረት ያመጣል። ለእርጉዝ ሴት አይታዘዙም። ቪታሚን ሲና ናያሲናማይድ ጉልበታቸው ቀላል ቢሆንም ጉዳታቸውም ጥቂት ነው። ደም ለማቆም በጃፓን አገር ባልና ሚስት ተመራማሪዎች፥ ኡታኮና ሾሱኬ ኦካሞቶ፥ በ1962 ያወጡት ትራኔክሳሚክ አሲድ ለማድያትም ጠቅሞ ተገኝቷል፤ ነገር ግን እንክብሉ ደም የመርጋት ሥጋት ላለበት ሰው አደገኛ ስለሆነ የሐኪም ትእዛዝ ያሻዋል። ሌዘርና ቆዳ ማላጫ አሲድም በጠይም ቆዳ ላይ ያልተካነ እጅ ከያዛቸው ነጥቡን ያብሳሉ።

ቅባት የማይነካቸው ነጥቦችም አሉ። ቅርጹን ወይም መልኩን የሚለዋውጥ፥ የሚደማ፥ ወይም ሲነኩት የማይሰማ ነጥብ ያለበት ሰው መዋቢያ ሱቅ ከመግባት ይልቅ ሐኪም ዘንድ ይሂድ። በአዲስ አበባ፥ በ1965 ለሥጋ ደዌ ሕክምና የተቋቋመው አለርት ሆስፒታል ዛሬ ሌላውንም የቆዳ በሽታ ያክማል።

የመልክ ማንጣትን ነገር ከዚህ ጋር የሚያቀላቅል አንባቢ እንዳይኖር አንድ ቃል እንጨምር። ነጥብን ማደብዘዝ ማለት ቆዳውን ወደ ራሱ መልክ መመለስ ነው። ጠይም ፊት ጠይም ሆኖ ሲመለስ ሕክምናው ተሳክቷል። ጠይምነት ሲዘፈንለት በኖረበት አገር ይህን ማስረዳት ማስፈለጉ ለእኛም ይደንቀናል።

እኅታችንን ዘንድሮ በጥር ወር ዳግመኛ አገኘናት፤ ሌላ ሰርግ ላይ ነበር። ነጠላዋ በትከሻዋ ላይ ነው። ሐኪሙ ያንን ቅባት አስትተው የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት ቃጠሎውን በማብረድ ብቻ እንዳሳለፏት፥ ብዙ ሌሊት ቀዝቃዛ ጨርቅ ፊቷ ላይ አድርጋ እንዳለቀሰች፥ የማድያቱም ሕክምና የተጀመረው ከዚያ በኋላ እንደሆነ ነገረችን። የጉንጯ ቅላት ሄዷል። በግራ በኩል የነበረው ማድያት ካልነገሩን በቀር አይታይም፤ በላይኛው ከንፈሯ ላይ ያለው ግን ደብዝዞም ቢሆን አለ።

«ይኸኛውስ?» ብለን በጣታችን ብናመለክት፥ «ጋሼ፥ እርሱ ገና ስድስት ወሩ ነው» አለችና ጃንጥላዋን ዘርግታ ወደ ሙሽሮቹ ድንኳን አመራች።